ሙለታ ለሞተር ያበጃት መብራት

ሮቤ ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ ሙለታን ያውቀው ነበር። ኮፈን ሳይከፍት የሞተሩን በሽታ በጆሮው ይለያል። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ለግንባር ስንቅ እንዲያመላልስ ታዘዘና ሄደ። በጊኒር መንገድ ከፊቱ ያለው መኪና ፈንጂ ረገጠ። ሙለታ ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማም።

ሲመለስ ጋራዡን ዘጋ። ሚስቱ ሰንበቴ ፊት ለፊቱ እየተቀመጠች፣ ቃሉን ቀስ እያደረገች ከንፈር ማንበብ አስለመደችው። የእሷን ለመደ፤ የሌላው ሰው ግን ይምታታበታል።

"ሞተር ከንፈር የለው" አላት አንድ ቀን።

"እንግዲያው አብጅለት" አለችው።

ከኮረንቲ መፈተሻ ካቻቢቴ ትንሿን አምፖል አወጣ። ሽቦ ጠመጠመባትና ባለቀ እስኪሪብቶ ቀፎ ውስጥ ከተታት። ሞተሩ እየዞረ እሳት ወደሚያደርሰው የካንዴላ ገመድ ሲያስጠጋት፣ እሳት ካለ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከሌለ ትጨልማለች። ብልሽቱን በዓይኑ ማንበብ ቻለ። ጋራዡም ተከፈተ።

ከዓመታት በኋላ ሰንበቴ እናቷን ልትጠይቅ ገሰራ ሄዳ በጠና ታመመች። ሙለታ ነጋዴ ወዳጁን አህመድን ከነላንድሮቨሩ ይዞ ደረሰላት። ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዘዋት ሲሄዱ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ውሃ ወደ ሞተሩ ተረጨ፤ ዳገቱን እንደ ጀመሩ ሞተሩ ጠፋ።

ሙለታ ወርዶ ኮፈኑን አነሳ። አህመድ ከውስጥ ቁልፉን ሲያዞር መብራቷን በየገመዱ አስጠጋት፤ ሁሉም ጋ ጨለማ ነው። የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን ፈታ፤ ውስጡ ውሃ ይዟል። ሸሚዙን አውልቆ ጠራርጎ አደረቀው። መብራቷ ብልጭ አለች፤ ሞተሩም ተነሳ። ደስ ብሎት ወደ ሚስቱ ሲመለስ ሰንበቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ሮቤ ሳይደርሱ አረፈች።

ከቀብር በኋላ አህመድ ቤቱ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ትጠራህ ነበር" አለው። "ኮፈኑ ጋርዶህ ነበር። እኔም ሞተሩ ይቅደም ብዬ ቁልፉን አልለቀቅሁም።"

ሙለታ ከከንፈሩ "ትጠራህ ነበር" የሚለውን ብቻ ያዘ።

"ምን አለች?"

አህመድ ነገረው፤ አልገባውም። ደገመለት፤ አሁንም አልገባውም። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣው።

"ሙለታ፣ ኮቱ፣ ና። ሞተሩን ተወው፤ አጠገቤ ተቀመጥ።"

ሙለታ ገባው። አቀረቀረ። አህመድ የሚያጽናናበት ቃል ነበረው፤ ሙለታ ግን ቀና ብሎ ከንፈሩን አላየም።