ሂራይዝ ወልደአረጋይ አማቷ ቤት ስትገባ

ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲቆም «ኧረ ሂራይዝን ጥሩልኝ!» ይባላል። መጀመሪያ ሰሞን በስሟ ያልሳቀ መካኒክ አልነበረም። እሷ ግን ኮራ ብላ፣ «የዌልስ ቋንቋ ነው፤ ልመዱት!» አለቻቸው። ለመዱት።

ስሙን ያወጡላት አባቷ አቶ ወልደአረጋይ ናቸው። በወጣትነታቸው ከዌልስ ለመጣች አንዲት አስተማሪ ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን ተክዛ ቢያዩዋት ምን ሆንሽ ብለው ጠየቋት። «ሂራይዝ» አለች፤ ተመልሰው የማይገቡበት ቤት ናፍቆት ማለት ነው። «የኔን በሽታ በስሙ ጠራችው!» አሉ ወልደአረጋይ። አንኮበር የተወለዱበት ቤት እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ፈርሷል። ጓደኞቻቸው «አንኮበር እኮ አፍንጫህ ሥር ናት፣ ተሳፍረህ ሂዳ!» እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ «ሄጄስ የማንን በር ላንኳኳ?» ይሉ ነበር። ሴት ልጅ ሲወልዱ ስሙን ለሷ ሰጡ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ሂራይዝ አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ለሚኖረው ለቃለ አብ ተዳረች። እነሱ ቤት ደግሞ አማት ለሙሽራ አዲስ ስም ታወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ በቀድሞ ስሟ የሚጠራት የለም። ሂራይዝ ይህን ስትሰማ አባቷን አሰበች። አባቷ የተዉላት ይኸው አንድ ስም ነው! ግን እሷ ጥግ ይዛ የምታለቅስ ሴት መሰለቻችሁ? ስም በሚወጣላት ቀን ዘመድ እልል ሊል ሲያሰፈስፍ ተነስታ የአማቷን የወይዘሮ ደመቀችን ጉልበት ሳመች።

«እትዬ፣ ያዘዙኝን ሁሉ እሠራለሁ። ስሜን ግን ይተዉልኝ፤ አባቴ ያወጡልኝ ነው።»

አንዲት አክስት «ጉድ ፈላ! የዛሬ ሙሽራ!» ብላ አፏን ያዘች። ቃለ አብ መሬት መሬት ያያል፤ ምስኪን!

ደመቀች ሙሽራይቱን ትክ ብለው አዩ። ስም ሲመርጡ ወር ሙሉ ከርመዋላ።

«እኔንኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «እናቴ ሠናይት ነበር ያለችኝ። ደመቀች ያሉኝ አማቴ ናቸው። ያን ቀን እንዳንቺ ልናገር ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሠናይት ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካለቀ ሠላሳ ዓመቱ።»

ከዚያ ወደ ዘመድ ዞረው፣ «ስሟ ሂራይዝ ነው! ምን ያፈዛችኋል? እልል በሉ እንጂ!» አሉ።

እልልታው ሲቀልጥ ሙሽራይቱ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው «እትዬ ሠናይት» አለቻቸው።

አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።