የወጣች ኳስ የፍሬሽ ናት

የኮሌጃችንን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲሚንቶ ያፈሰሰው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባገኘው ግን ውሃ ልክ የሚባል ዕቃ አይቶ ያውቅ እንደሆነ እጠይቀው ነበር። የጉለሌ መሬት ተዳፋት ነው፤ ሰውዬው መሬቱን ከማስተካከል ይልቅ ሜዳውን ከመሬቱ ጋር አብሮ አዘነበለው። ስለዚህ ሜዳችን የላይ ቅርጫትና የታች ቅርጫት ነበረው። የላዩን "ዳገት"፣ የታቹን "ቁልቁለት" እንላቸው ነበር። በጨዋታ መሃል ስድስት ሴቶች ዳገት ዳገት እያልን ስንጮህ በአጥሩ ሥር የሚያልፈው ሰው ምን ያስብ እንደነበር እንጃ።

ኳስ እዚያ ሜዳ ላይ አትቀመጥም። ከእጅ ካመለጠች የታችኛውን ቅርጫት አልፋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ፣ ኮብልስቶኑ ላይ እየነጠረች ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ የሚመጡት ሚኒባሶች ይከንፋሉ። ሳትደርስ ካልተያዘች ጎማ ሥር ገብታ ትፈነዳለች። በዚህ የተነሳ ከድሮዎቹ ተጫዋቾች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሕግ ነበረን፤ የወጣች ኳስ የፍሬሽ ናት። የወረወራት ማንም ይሁን ማን፣ ሮጣ ወርዳ ይዛ የምትመለሰው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነች።

ሕጉን የምታስከብረው አምበላችን ነበረች። ሦስተኛ ዓመት፣ ተመራቂ ናት፤ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ለንግግር የማትቸኩል። ኳስ ስትሾልክ ስማችንን እንኳ አትጠራም። በአገጯ ወደ ታች ታመለክትና "ውረጂ" ትላለች፣ በቃ። መጀመሪያ ሰሞን እጠላት ነበር፤ ምን እደብቃለሁ። ኳሷን ይዤ ዳገቱን ስመለስ ሳንባዬ በአፌ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ትቀበለኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ጨዋታውን ትቀጥላለች።

እኔ ወደ ቡድኑ የገባሁት በቁመቴ ነው። ያደግሁት ሸጎሌ ነው፤ ወደ ከብት ገበያው የሚሄዱት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው የሚያዩኝ ልጅ ነበርኩ። የሰፈር ልጆች የስልክ እንጨት ይሉኛል። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ቦታዬ የኋላ ረድፍ ነው፣ ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ትንሽ ጎንበስ በይ እባላለሁ። እናቴም ለእኔ አስባ፣ እንዲህ ተገትረሽ ማን ያገባሻል ትለኝ ነበር። እኔም ጎንበስ ማለት ለመድኩ። ኮሌጅ ልመዘገብ ሰልፍ ይዤ ሳለሁ ግን አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ በአጠገቤ አለፉ፣ ቆሙ፣ ተመለሱና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "እስቲ ቀና በይ" አሉኝ። የሂሳብ አያያዝ አስተማሪና የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀና በይ ያለኝ ሰው ስላልነበረ፣ ምን እንደፈለጉ ሳልጠይቅ እሺ አልኳቸው።

ዓመቱ እንደተጀመረ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ሰበሰቡን። ከእኛ በፊት የነበሩት ተጫዋቾች ተመርቀው ሄደዋል፤ የቀረችው አምበሏ ብቻ ናት፣ ሌሎቻችን ፍሬሾች ነን። ኃላፊው ፈገግ እያሉ፣ ተስፋ ያላችሁ ልጆች ናችሁ አሉን። ቀጥለው ደግሞ ቡድኑ አሸንፎ እንደማያውቅ፣ ዘንድሮ አንድ ጨዋታ እንኳ ካላሸነፍን ለከርሞ የሴቶች ቡድን እንደማይመዘገብና ሜዳው መኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ነገሩን። እዚያ ሜዳ ላይ መኪናውን የሚያቆም ሰው የእጅ ፍሬኑን ይመን እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ያናደደኝ ግን ማስፈራሪያው አልነበረም፣ ፈገግታው ነው። ተስፋ ያላችሁ የሚሉህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተስፋ ቆርጠው የጨረሱ ናቸው። ከስብሰባው ስወጣ ይህ ሜዳ አይዘጋም ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ቀና ብዬ የምቆምበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ተለማመድን። ለዳገት ጠንከር፣ ለቁልቁለት ለዘብ አድርጎ መወርወርን እጃችን ራሱ ተማረው። የኮሌጁን ወንድ ፍሬሾች በሜዳችን ላይ ስናሸንፋቸው ደግሞ እኛን የሚያክል የለም አልን።

አራት ጨዋታ ያለው የኮሌጆች ውድድር የሚካሄደው ግን በሌሎች ኮሌጆች ሜዳ ነው። የእኛን ሜዳ አዘጋጆቹ አንዴ መጥተው አይተው፣ ስቀው ሄደዋል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረግንበት ሜዳ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነበር። ልናሟሙቅ ስንገባ ሁላችንም ኳሶቻችንን መሬት አስቀምጠን፣ እንዳይንከባለሉ ከኋላቸው በእግራችን ደገፍናቸው። እኛ ሜዳ ላይ ይህን ሳያደርግ ኳስ የሚያስቀምጥ የለም። ተጋጣሚዎቻችን ተያዩ። አንዷ ጠጋ ብላ፣ ኳሱ እግር አውጥቶ ይሄዳል እንዴ አለችኝ። እግሬን ሳነሳ ኳሷ እንዳለች ቀረች። አፈርኩ።

ጨዋታው ሲጀመር ሃፍረቱ ባሰ። በአንደኛው አጋማሽ የወረወርነው ሁሉ ቅርጫቱን አልፎ ሄደ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ሳይደርስ ወደቀ። አንዳችንም ለምን እንደሆነ አልገባንም። እንዲያውም አንዷ ልጅ እንደለመደችው "ቁልቁለት!" ብላ ስትጮህ ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። ተሸነፍን፣ ሁለተኛውንም ጨዋታ እንደዚያው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አምበሏ ከአጠገቤ ተቀመጠች። መስኮቱን እያየች ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ተናገረች።

"ሳላሸንፍ ብመረቅ ግድ የለኝም፣ ለምጄዋለሁ" አለች። "እኔ ስወጣ በሩ ከኋላዬ ቢዘጋ ነው የሚቆጨኝ። የመጨረሻዋ እኔ መሆን አልፈልግም።"

ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን መጥላቴን ተውኩ።

በማግስቱ አሰልጣኛችን ሜዳው ላይ ሰብስበው ገሠጹን። ፈርታችሁ ነው፣ ልባችሁ ቦታው ላይ አልነበረም አሉ። እኔ ሜዳው ነው አልኩ። ሰበብ አትፈልጊ አሉኝ። ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ አፌ አይታሰርም። ኳሷን መሃል ሜዳ አስቀምጬ እግሬን አነሳሁ።

"ኮች፣ ይቺ ኳስ እዚያ ትቆማለች፣ እዚህ አትቆምም" አልኳቸው። "እጃችን የለመደው እዚህን ነው፤ አንዱን ቅርጫት እንደ ዳገት፣ ሌላውን እንደ ቁልቁለት አድርጎ ነው የሚወረውረው። እዚያ ፍርሃት አይደለም የጣለን።"

ኳሷ መንከባለል ጀመረች። አሰልጣኛችንም፣ እኛም ቆመን አየናት። ቁልቁለትን አለፈች፣ አጥሩን ሾለከች። ከመካከላችን አንዷ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከቤተሰቦቿ ጋር በስልክ በኦሮምኛ ከእኛ ጋር በአማርኛ የምትቀልድ ልጅ፣ ሕግ ነውና ሮጣ ወረደች። አሰልጣኛችን ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ፣ እሺ፣ ሜዳውን ልታስተካክይው ነው ወይ አሉኝ።

መልሱን ይዛ የመጣችው ኳሷን ይዛ የተመለሰችው ልጅ ናት።

"እኛ ጋ ተዳፋት መሬት ሽቅብ ቁልቁል አይታረስም፣ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል" አለች እያለከለከች። "አባቴ የሚያርሰው በአግድም ነው። በአግድም ከሄዱ እኮ ከፍታው አንድ ነው።"

ሁላችንም ወደ ጎን ዞርን። በሜዳው ጎን የኮሌጁ መጋዘን ግንብ ቆሟል። እዚያ ግንብ ላይ ቅርጫት ቢሰቀል የምንወረውረው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሆን በአግድም ነው። አሰልጣኛችን ግንቡን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ወደ ቢሮ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። ቅርጫት በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይታሰብበታል ተብለዋል። ላም አለኝ በሰማይ። ለከርሞ እኛ ከሌለን ቅርጫቱ ለመኪናዎቹ ነው እንዴ?

ያለንን አዋጥተን አዲሱ ገበያ ወደሚገኝ ብየዳ ቤት ሄድን። ብረት ሠሪው ከፌሮ ክብ ቅርጫት ሠራልን፣ ከኋላው ማሰሪያ በየደበት። ይዘነው ሚኒባስ ስንገባ ረዳቱ፣ ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል ይከፈልበት አለ። አምበሏ ብረቱን አንስታ አንገቷ ላይ አጠለቀችውና፣ አሁንስ የማንን ቦታ ያዘ አለችው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ እሷ ግን እስክንወርድ ድረስ እንዳጠለቀችው ኮስተር ብላ ተቀመጠች። ቅርጫቱን ግንቡ ላይ የሰቀልነው ከሰዓት በኋላ ነው። ኃላፊው መጥተው ማን ፈቀደ ሲሉ አሰልጣኛችን፣ እኔ አሉ። ቅርጫቱም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ነው። እጅ የለመደውን ማስረሳት አዲስ ከማስተማር ይከብዳል። በአግድም ስንቆም አንዱ እግራችን ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ወገባችን ታመመ፣ ቁርጭምጭሚታችን አበጠ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ምን ይሉት አባዜ ነው የያዘሽ ትለኝ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝና፣ ቁመትሽ ጨመረ ወይስ ለእኔ መሰለኝ አለች። እማዬ፣ ጎንበስ ማለት ትቼ ነው አልኳት። እንደ ድሮው አልተቆጣችም።

ሦስተኛውን ጨዋታ ተሸነፍን። ለጥቂት ነበር፣ ኳሱም መግባት ጀምሮ ነበር፤ ያም ሆኖ ተሸነፍን። የቀረን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው።

በዚያ በመጨረሻው ጨዋታ የገጠሙን ልጆች ከእኛ ይሻላሉ። ይህን መካድ አልችልም። ኳስ ይቀባበላሉ፣ ይረጋጋሉ፣ ልብሳቸው እንኳ ያምራል። እኛ ደግሞ አንድ አመል ነበረብን፤ ኳስ ወደ ውጭ ስትወጣ ቆመን ማየት አንችልም። ዳኛው ፊሽካ ነፍተው ኳሱ የእነሱ ነው ካሉ በኋላ እንኳ ሁለት ሦስታችን እንሮጥና እንይዛታለን። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ተመልካቹ፣ እነዚህ ኳስ አቀባይ ሆነው ነው እንዴ የመጡት እያለ ያላግጥብናል። ዳኛው ኳሱን ከእጄ ሲቀበሉ አንዴ አመሰግናለሁ አሉኝ።

እየተከተልናቸው መጨረሻው ደረሰ። በአንድ ነጥብ ይመሩናል። አምበላችን ወረወረች፣ ኳሷ ብረቱን መትታ ወደ ጎን ነጠረችና ወደ መስመሩ ሄደች። ተጋጣሚዎቻችን ቆሙ። መቆማቸው ትክክል ነው፤ ብትወጣ የእነሱ ናት፣ ሰዓቱም ያልቃል። እኛ ግን ኳስ ትወጣለች ብለን ቆመን አናውቅም። የእኛ ዓይን መስመሩን አያይም፣ አስፋልቱን ነው የሚያየው። የገበሬው ልጅ ማለዳ ማለዳ ኮብልስቶኑን በምትወርድበት ሩጫ ሄዳ፣ መስመሩን ሳትነካ በአየር ላይ እንዳለች ያዘቻትና ሳታይ ወደ ኋላ ወረወረቻት። እሷ ራሷ የተመልካቹ አግዳሚ ላይ ወደቀች። ኳሷ መጣች። እኔ ቅርጫቱ ሥር ነበርኩ። ቀና አልኩና አስገባኋት።

ፊሽካው ሲነፋ የገበሬው ልጅ ከአግዳሚው ሥር ሆና ገባ ወይ ትል ነበር። ገብቷል ስንላት ጉልበቷ እየደማ ሳቀች። አሰልጣኛችን መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጠረጉ፣ አጠለቁ፣ ደግመው አወለቁ። አምበሏን አየኋት። ሜዳው መሃል ብቻዋን ቆማለች፣ ሁለት እጇ ራሷ ላይ ነው። ልናቅፋት ሮጥን።

ሰኞ ጠዋት ልምምድ ገባን። ውድድር የለብንም፣ ግን ማንም አልቀረም። ኃላፊው ዓርብ ዕለት ቡድኑ ለከርሞ እንደሚመዘገብ ለአሰልጣኛችን ነግረዋቸዋል፤ አሁንም ተስፋ ያላቸው ልጆች ናቸው ብለው ነው አሉ። ይበሉ። ከመካከላችን አንዷ ወደ ቁልቁለት የወረወረቻት ኳስ ብረቱን መትታ ዘለለችና በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች። አምስታችንም ፍሬሾች ተነሳን።

"ቁሙ" አለች አምበላችን።

የቱታዋን ጃኬት አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና እሷ ሮጣ ወረደች። እኛ እግራችንን ምን እንደምናደርገው ጠፍቶን ቆምን። ሲኒየር ከሆነች ወዲህ ወርዳ አታውቅም። አንዷ እንከተላት እንዴ ብላ ጠየቀች። ቆየች። ኋላ ኳሷን በብብቷ ይዛ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ በየጥቂት እርምጃው ቆም እያለች ዳገቱን ስትወጣ አየናት። መጥታ ኳሷን እጄ ላይ አስቀመጠች። ጉልበቷን ይዛ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት።

"ለከርሞ የምትመጣዋ ፍሬሽ" አለችኝ፣ "እንዳትራሩላት።"

ማልቀሴን እንዳታይ ጎንበስ ልል ነበር፣ ግን ተውኩት።

"አንራራላትም" አልኳት፣ ቀና ብዬ።