በባዶ እጅ መሮጥ

ቆላ አገር፣ ኮኪት ሳለን ትምህርት ቤታችን ውድድር ሲያዘጋጅ ሩጫው ለወንዶች ነበር፤ ለሴቶች እንቁላል በማንኪያ ይዞ መራመድ። ዘመኑ የደርግ ነውና በየስብሰባው ስለ ሴቶች እኩልነት ሲነገር እንሰማለን፤ ሜዳው ላይ ግን ማንኪያ ይሰጠናል። ሩጫውን ያሸነፈ ጎንደር ሄዶ ይወዳደራል። እኔም ጎንደርን ማየት፣ እዚያም መሮጥ አማረኝ።

የስፖርት መምህራችንን ጠየቅኋቸው።

«ለሴት የተመደበው የእንቁላሉ ነው» አሉኝ።

«እንቁላል መያዝ ስፖርት ከሆነ፣ እኛ ሰሊጥ ታቅፈን የምንሮጠውስ?»

«እሱ ሥራ ነው።»

መቼም ምላሴ አያርፍም ነበርና ሦስት ቀን ነዘነዝኋቸው። በመጨረሻ ሰለቻቸውና «እሺ፣ ከወንዶቹ ጋር ሩጪ። ስትሸነፊ ግን እንዳታለቅሺ» አሉኝ።

ሮጥሁ። እስከ ሜዳው አጋማሽ ከፊቴ ማንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ረጅም ልጅ አለፈኝ፤ ሌላውም ተከተለው። ሦስተኛ ወጣሁ። ላለማልቀስ ከንፈሬን ነክሼ ስቆም መምህሩ መጡና «ምነው እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣብቀሽ ትሮጫለሽ? አታወዛውዢውም?» አሉኝ። እጄ የት እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ከዳር ቆማ ስታይ ነበር። ቀረብ ብላ «ብታወዛውዘውማ ሰሊጡ ይረግፍ የለም እንዴ፣ መምህር?» አለቻቸው።

እየቀለደች አልነበረም። የደረቀ ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው፤ ነዶውን አቅፈው ማሳው ላይ የተነጠፈ ሸራ ላይ እስኪገለብጡት ድረስ ትንሽ ከነቀነቁት ፍሬው መሬት ይቀራል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የሮጥሁት ሁሉ ነዶ አቅፌ ነው። ሌላ ሩጫ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አለቀስሁ።

በማግስቱ ማለዳ ማሳ ላይ ነዶ ላነሣ ጎንበስ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው። እስከዚያ ዛፍ ሮጠሽ ተመለሽ። እጅሽን እያወዛወዝሽ» አለችኝ።

አንዲት ፍሬ ብትረግፍ የምትቆጣ፣ ሥራ ፈትቶ የቆመ ሰው የማትወድ ሴት ናት። የዚያ ዓመት ሰሊጥ ተራግፎ እስኪያልቅ ግን በየማለዳው እኔ ስሮጥ እሷ የሁለታችንንም ድርሻ ተመላልሳ ተሸከመች። መጀመሪያ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ እየቆየ ለመደ።

በዓመቱ ውድድሩ አልተካሄደም። ጎንደርንም ያየሁት ካደግሁ በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው። አይቆጨኝም አልልም። ያን ማለዳ ግን ከሁሉ አብልጬ እናፍቀዋለሁ፤ ቆላው ገና ሳይግል፣ በማሳው ዳር ባለችው መንገድ፣ ባዶ እጄን እያወዛወዝሁ። ዛፉ ጋ ደርሼ ዞር ስል እናቴ ነዶ እንዳቀፈች ቆማ ታየኛለች። እንዳይረግፍባት እጇን አታነሣም፤ በአገጯ ብቻ «ድገሚ» ትለኛለች።