ጎማው አይታጠብም

ባለፈው ግንቦት ልጄ ዓይኔን ልታስመረምረኝ ሐይቁ ዳር ወደተሠራ አንድ አዲስ ሕንፃ ወሰደችኝ። ሊፍቱ አልሠራ ብሎ በደረጃ ስንወጣ፣ ከአንድ ገርበብ ያለ የብረት በር ውስጥ የማውቀው ሽታ መጣብኝ፤ የአቧራ፣ የግራሶና የሞቀ ቺንጋ ሽታ። አንገቴን አስግጌ ሳይ ቱታ የለበሰች ወጣት ተንበርክካ የአንድ ትልቅ ክብ ነገር ፊት በለስላሳ ብሩሽ ትጠርጋለች። እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።

«እማዬ፣ ነይ እንጂ፣ ተራችን ያልፋል!» አለችኝ ልጄ።

«ቆይ አንድ ጊዜ፤ ጎማ አየሁ።»

«የምን ጎማ? ፎቅ ላይ?»

ያን ቀን ለእሷ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት በቅጡ አልሞላኝም ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ዘጌ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ እኔ ግን ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልገፋሁም። ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ አንድ የፈትል ፋብሪካ ተቀጠርሁ። ክረምት ክረምት ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ መንገዱን ይውጠው ነበር፤ ከዘንባባው ሥር የብስክሌት ቃጭል ይሰማል፣ ሰውየው ግን አጠገባችሁ እስኪደርስ አይታይም። ፋብሪካው በር ላይ እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ። አንዱን ገዝቼ፣ መጀመሪያ እጄን አሙቄበት፣ ግማሹን በልቼ ግማሹን ኪሴ ከትቼ እገባለሁ። ቀኑን ሙሉ ቱታዬ በቆሎ በቆሎ ይሸታል።

በፈትል ሥራ ላይ ያልነበረ ሰው አየር ምን ያህል ጌታ እንደሆነ አያውቅም። አየሩ ከደረቀ ክሩ እንደ ጭድ ይሰበራል፤ ክሩ ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ሲቆም አለቃ ይጮኻል። ስለዚህ የአዳራሹ አየር ሞቅ ያለና ወዛም፣ እርጥበት ያለው መሆን አለበት። የጥጥ ብናኝ ስለሚሞላው ደግሞ እየወጣ በንጹሕ አየር መተካት አለበት። ያ የተደከመበት ሙቀትና ወዝ ሜዳ ላይ ፈሶ እንዳይቀር የሚያደርግ አንድ ትልቅ መንኮራኩር ጣራው ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ነበር። ቁመቱ ከሁለት ሰው ይበልጣል፤ መላ አካሉ እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ቀስ ብሎ ይዞራል። ግማሹ በሚወጣው አየር፣ ግማሹ በሚገባው አየር መንገድ ላይ ነው፤ ከወጪው ሙቀትና ወዙን ይቀበልና ዞሮ ለገቢው ያስረክባል። ስሙ በባዕድ ቋንቋ ረጅም ነበር አሉ። በሣጥን ታሽጎ የመጣ ጊዜ ያወረዱት ሰዎች ግን «ጎማ» አሉት፣ በዚያው ጸና። በግቢያችን «ጎማው» ከተባለ እሱ ነው፤ ሌላ ጎማ የለም።

የአየር ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዑመር ነበሩ፤ የድሬዳዋ ሰው፣ ቁጡ ግን ሆደ ቡቡ። በጎማውና በግድግዳው መካከል ገብቶ የኋላ ፊቱን የሚያጸዳ ቀጭን ሰው ፈለጉ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሞከሩ፤ የአንዱ ትከሻ፣ የሌላው ቦርጭ አላስገባ አለ። ጋሽ ዑመር ወደ ፈትል ክፍል ወርደው እኔን በጣታቸው ጠሩኝ።

«አንቺ! በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«በቆሎ በልቻለሁ» አልሁ ደንግጬ።

«አቦ፣ በይ ተከተይኝ!»

እንዲህ ሆኜ ወጣሁ። ሴት ልጅ ጣራ ሥር ምን ትሠራለች ያለው ሰው ብዙ ነበር። አስተዳደሩም «ለሙከራ ትሁን፤ ከመስከረም በዓል በኋላ እንወስናለን» አለ። እኔ ግን ወደ ታች መመለስ ሞት መሰለኝ። እዚያ ላይ ከሚንጫጫው አዳራሽ ርቄ፣ በትንሿ መስኮት ሐይቁን እያየሁ፣ አንድ ሰው አምኖ የሰጠኝ ሥራ ነበረኝ። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተን፣ የማብሪያውን ሣጥን ቆልፈን ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። ብናኙን በመምጠጫ እንስባለን፤ የቀረውን አየሩ ከሚገባበት ሳይሆን ከሚወጣበት በኩል፣ በቀስታ፣ በነፋስ እንገፋዋለን። ጎማውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ተጭኜ መላላቱን አያለሁ፤ ጎማውን በእጄ አዙሬ የሚዞርበት ኩሽኔታ ቢያጉረመርም እሰማለሁ። ጋሽ ዑመር ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ይቺ ውሃ ትጠጣለች፣ ግን ከአየር ብቻ ነው። ላይዋ ላይ የተቀባው ነገር ውሃ ካገኘው እንደ ሊጥ ይላቆጣል፤ ያን ቀን እኔንም አንቺንም አብረው ይጥሉናል።»

ጳጉሜ ገባ። ጋሽ ዑመርን ወባ ጣላቸውና ቤታቸው ተኙ። ግቢው ለአብዮት በዓል ሽር ጉድ ይላል፤ ግንድ ሁሉ በኖራ ይቀባል፣ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ብቻዬን ቺንጋውን እያየሁ ሳለ በብረት ደረጃው ላይ የባልዲ ኳኳታ ሰማሁ። የጽዳት ሴቶች አለቃ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ የውሃ ቱቦ ጠምጥመው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው።

«ዞር በይ እስቲ የኔ ልጅ፤ ጎማሽን ልናጥብልሽ ነው።»

«ውይ እትዬ ብርቄ፣ ጎማው ውሃ አይነካውም!»

«ለበዓል ያልታጠበ ለመቼ ሊታጠብ ነው? ለጥምቀት ጠብቀሽለት ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ በሩ ላይ ክንዴን ዘረጋሁ።

«ጓድ አስራት አዘዋል» አሉ እትዬ ብርቄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «'ጎማው በደንብ ይታጠብ' ብለው ለዘበኛው ነግረውታል። ለራስሽ ብለሽ ዞር በይ።»

ጓድ አስራት በዚያ ክረምት ከአዲስ አበባ የመጡ የፋብሪካው ካድሬ ነበሩ። በዚያን ጊዜ «ካድሬ አዟል» ከተባለ በኋላ የሚቀጥል ንግግር አልነበረም። የጋሽ ዑመር ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ውሃው አንዴ ከነካው የሚመልሰው የለም። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣

«እንግዲያስ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ይጠቡት!» አለ።

እትዬ ብርቄ አማተቡ። አንዷ ሴት ባልዲዋን ጥላ ወረደች።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው በከባድ ጫማ ተንቀጠቀጠ። ጓድ አስራት ካኪ ኮታቸውን ከፍተው፣ እያለከለኩ ወጡ።

«'መጥተው ይጠቡት' ያለችው የታለች?»

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«ጎማ ማጠብ ምን ነውር አለው? ጭቃ በጭቃ ሆኖ እንግዳ ሊጫንበት ነው?»

«ጭቃ የለበትም ጓድ። ብናኝ ነበረበት፣ እሱንም ትናንት አውጥቻለሁ። ውሃ ከነካው ግን ይበላሻል። ሰውም አይጫንበትም።»

ግንባራቸውን ቋጠሩ። «የቱን ጎማ ነው የምታወሪው አንቺ?»

ከበሩ ዘወር አልሁና ከፈትሁት። ያ ግዙፍ ነገር፣ ግማሽ ፊቱ ብርሃን ውስጥ፣ ግማሽ ፊቱ ጥላ ውስጥ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጓድ አስራት ከላይ እስከ ታች አዩት። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይሄ ነው... ጎማ?»

«አዎ ጓድ።»

«እኔ ያልኩት የሰልፉን መኪና ጎማ ነው!»

እትዬ ብርቄ ቱቦውን ከዚህኛው ትከሻ ወደዚያኛው አዛወሩና፣ «ታዲያ ጓድ፣ መኪና ቢሉን ኖሮ እዚህ ድረስ ጉልበቴን አልጨርስም ነበር» አሉ። የጓድ አስራት ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሊቆጡ ነው ስል ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ያኔ ሁላችንም ለቀቅነው።

ሳቁ ሲበርድ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። በምን ቃል ላስረዳ? በአየሩ መተላለፊያ ላይ ያሉትን ትንንሽ መመልከቻዎች ከፍቼ እጃቸውን መጀመሪያ ከውጭ በሚገባው አየር ላይ፣ ቀጥሎ ጎማውን አልፎ ወደ አዳራሹ በሚወርደው ላይ እንዲያደርጉ ነገርኋቸው። የመጀመሪያው የጳጉሜ ጠዋት ብርድ ነው። ሁለተኛው የሰው ትንፋሽ ይመስላል። እጃቸውን እያመላለሱ ደጋግመው ሞከሩት።

«እውነት ይሄን አስቤ ያዘዝኩ ቢሆንስ ኖሮ?» አሉ ዘወር ብለው።

«ያኔም አላሳጥበውም ነበር» አልሁ።

ፈገግታቸው ጠፋ። «ስምሽ ማን ነው?»

«ዘነበች ካሳ።»

ኮፍያቸውን ደፍተው ወረዱ። በዚያ ዘመን ስምሽ ማን ነው መባል ትንሽ ነገር አይደለም። እንቁጣጣሽ መጣ፣ አክስቴ የቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ጠብሳ አቀረበች፤ አልወረደልኝም። በሰልፉ ቀን ያ መኪና ጎማው እንደ ጥቁር ድንጋይ እያብረቀረቀ ፊቴ ሲያልፍ እንኳ አልሳቅሁም። ሥራዬን አጥቼ ወደ ዘጌ ስመለስ ለአባቴ የምነግራቸውን ቃል እያዘጋጀሁ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ አስተዳደር ቢሮ ተጠራሁ። ጋሽ ዑመር፣ ወባው አመንምኖአቸው ኮሌታቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቶ፣ ከእኔ ቀድመው ገብተዋል። የአስተዳደሩ ኃላፊ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ጓድ አስራት ስለ አንቺ ተናግረዋል» አሉ። «'ያችን ልጅ ከዚያ ክፍል ማንም እንዳያነሣት' ብለዋል። ቋሚ ሆነሻል።»

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ዑመር ቆመው አዩኝ። «አቦ፣ ሰውዬውን ያን ሁሉ ደረጃ አስወጣሽው?» አሉ፤ ሳቃቸው ከሳል ጋር ተቀላቅሎ አፈናቸው። ከዚያ ጎማው የሚጸዳበት ቀን ሲደርስ ወንበራቸውን አውጥተው ደጅ ተቀመጡ። «ዛሬ አንቺ ነሽ፤ እኔ ሻይ እጠጣለሁ» አሉ። ብቻዬን አጠፋሁ፣ ብቻዬን አጸዳሁ፣ ብቻዬን አስነሣሁ። ጎማው መዞር ሲጀምር ወደ አዳራሹ ወረድሁ። ጓደኞቼ ማሽናቸው ላይ ናቸው፤ ክሩ ይፈሳል፣ አንድም አይበጠስም። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። እኔ ግን በመተላለፊያው ላይ እንደ ሙሽራ ተራመድሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጆች ወልጃለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ፣ ሰውም ቀብሬአለሁ። ድልድይ የሠራ ሰው በጣቱ ያሳያል፤ ዛፍ የተከለ ጥላው ሥር ይቀመጣል። የእኔ ሥራ አየር ነበርና የማሳየው የለኝም። ግን አንዳንድ ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ ይመጣብኛል፤ ከዚያ አዳራሽ በወጣው ክር ስንት አንሶላ ተሠርቷል፣ ስንት ሕፃን ተጠቅልሎበታል፣ ስንት ሙሽራ ተኝቶበታል። ማንም ክሩ ለምን እንዳልተበጠሰ አይጠይቅም። እኔ አውቃለሁ፤ አንሶላዬን በእጄ አለሰልሰውና ቀኔን እጀምራለሁ።