ብረቱን ሊወስድ ለቅሶ የደረሰ ሰው

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ መሓሪ በተቀበረ በማግሥቱ። ልጽፈው ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ሳልጽፈው ተነሥቻለሁ። አሁንም ከየት እንደምጀምር በደንብ አላውቅም። ዝም ስል ግን ንዴቱ ይብስብኛል። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

የምንኖረው አስመራ፣ ጎዳይፍ ነው። መሓሪ ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ጣሊያናዊ ኦፊቺና፣ በብረት ሥራ ቤት፣ ብረት ሲቆርጥና ሲሞርድ ያደገ ሰው ነበር። የሲኒማ ቤቶች ማሽን ሲበላሽ ወደዚያ ይመጣል። የፊልም መሣሪያ የለመደው በዚያ ነው። ጣሊያንኛ እንደ ውኃ ይናገራል። አማርኛው ግን ትንሽ ነበር። እኔ ከእሱ በኋላ ስለተማርኩ፣ እኛ ክፍል ስንደርስ ትግርኛው ቀርቶ ሁሉም ነገር በአማርኛ ሆኖ ነበር። «አንተ የቤቱ አስተርጓሚ ነህ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ፊልም የሚያነሡ ሰዎች መጡ። የአገሩን መልክዐ ምድር አንሥተው በሲኒማ ሊያሳዩ ነው ተባለ። መሥሪያ ቤታቸውን አልጠራም። የካሜራ ረዳት ፈለጉና መሓሪን ወሰዱት። ወንድሜ ደስታውን አልቻለውም። ለሥራ የሚለብሰውን ሸሚዝ እንኳ ማታ ማታ እናታችን እንድትተኩስለት ይለምናት ጀመር።

ሰዎቹ አንድ ትልቅ ሌንስ ይዘው መጥተዋል። ካሜራው የራሱ ሌንስ አለው፤ ይኼኛው ከዚያ ፊት ተጨማሪ ሆኖ የሚገጠም ነው። ሰፊውን አገር ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ጠባቡ ፊልም ላይ ያስገባዋል። በኋላ ሲኒማ ቤት ሲታይ ሌላ ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። እንዲህ ያስረዳኝ መሓሪ ነው። ችግሩ ክብደቱ ነበር። ከፊት ብቻ ከተንጠለጠለ አንገቱን ይደፋል። ትንሽ ከዞረ ደግሞ ቤቱም ዛፉም ሰውም ያዘነበለ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከካሜራው ሥር ሁለት ዘንጎች ወደ ፊት ይወጡና፣ በእነርሱ ላይ ሌንሱን ከታች አቅፎ የሚይዝ ብረት ይቆማል።

ከሌንሱ ጋር የመጣው መያዣ ለዚያ ካሜራ አልሆነም። መሓሪ ሌላ ሠራ። ብረቱ አጥብቆ ከያዘው የሌንሱ ቀለበት አይዞርም፤ ካላላው ደግሞ ይነቃነቃል። ስለዚህ ውስጡን በስስ ቆዳ ሊያለብሰው ቅዳሜ ማታ ቤት ይዞት መጣ። በሌንሱ ፈንታ የቲማቲም ቆርቆሮ አስገብቶ እራት የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ እያጠበቀና እያላላ አሳየኝ። «መጀመሪያ የታቹን፣ ቀጥሎ የላዩን» ይል ነበር። እሑድ ሊቀጥል ሲል እናታችን ሞረዱን ቀማችው። በሰንበት ብረት አይነካም አለች። እሱም ሳቀና ተወው። ሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ቆዳውን በማጣበቂያ አጣበቀና፣ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። እኩለ ቀን ይደርሳል አለ።

የፊልሙ ሰዎች ማኪና ግን ጧት መጣ። ሾፌሩ አብደላ የሠፈራችን ሰው ነው። የፊልሙ ሰዎች አለቃ ጉም ከቆላ ሳይወጣ የምጽዋን መንገድ እናንሣ ብሏል አለው። መሓሪ ብረቱን አሳየው፤ በጣቱ ነካ አድርጎ ገና እንዳልደረቀ አሳየው። ከዚያ ጫማውን አስሮ ሄደ። ብረቱ መስኮቱ ላይ ቀረ።

ከቤት ጊዮርጊስ በታች፣ መንገዱ መጠማዘዝ ከጀመረ በኋላ፣ ማኪናው እየሄደ ሲያነሡ፣ ላዩ ላይ ከካሜራው ጋር የነበረው ወንድሜ ወደቀ። ሆስፒታል ስንደርስ ፊቱን ሸፍነውት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰማነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለቀብር መጥተው፣ ልጁ የሌንሱን መያዣ ብሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ሌንሱ ሲንሸራተት ሊይዘው ሲል ወደቀ አሉ። የራሱ ስሕተት ነው ማለታቸው ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። መሓሪ ብሎን ሳያጠብቅ የሚቀር ሰው እንዳልሆነ አባቴ ያውቃል። ግን ምን ይበል? ሰዎቹ የመንግሥት ሰዎች ናቸው። እኔም ገና ምንም ማሰብ አልቻልኩም ነበር። መስኮቱ አጠገብ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ ብረቱን አየዋለሁ፤ ግን አላየውም። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አለቃው ራሱ ወደ ድንኳናችን መጣ። ጥቁር ክራቫት አስሯል። አብደላ ከኋላው ነበር። አባቴ ሲያየው ተነሣ። በእኛ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ለቅሶ ሲደርስ ክብር ነው። አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ከጎኑ አስቀመጠው። ምግብ ቀረበለት፤ በላ። ሻሂ ቀረበለት፤ ጠጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«አንተ አማርኛ ትችላለህ አይደል? ወንድሜ፣ ለአባባ ንገርልኝ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ነገርኩት። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሕማቕ ኣይርከብኩም» አለ። ክፉ አያግኛችሁ ማለት ነው።

«ደግሞ፣» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሓሪ ቤት ይዞት የመጣ አንድ ብረት አለ። የሌንሱ መደገፊያ። ያለ እሱ መሥራት አልቻልንም። ብትሰጡን።»

አባቴ ፊቴን እያየ ይጠብቃል።

«እንታይ ይብል ኣሎ?» አለኝ። ምን ይላል?

ሐዘንተኛ አባቴን፣ ይህ ሰው ለአንተ አይደለም የመጣው ልለው አልቻልኩም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል» አልኩ።

አባቴ እንደገና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እወ፣ እወ» እያለ ራሱን ነቀነቀ፤ የሰውየውን ጉልበትም በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

ሰውየው ፊቱ በራ። «እንዴት ያለ ደግ ሽማግሌ ነው! በል እንግዲህ አምጣው፣ ማኪናው ቆሟል።»

በዚያ ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ የነበረው ነገር በዚያ ጊዜ ነው የገባኝ። ብረቱ ቤት ነው ያለው። ሰውየው ራሱ ያውቃል። ካሜራው ላይ ካልነበረ የትኛውን ብሎን ነው ወንድሜ ሳያጠብቅ የቀረው?

ተነሥቼ ቆምኩ። ይህን በአማርኛ ጠየቅሁት። ቃሎቹ አልታዘዝ አሉኝ።

«የትኛውን ብሎን ነው? ብረቱ እዚህ ነው! የትኛውን ብሎን?»

«ልጄ፣ ረጋ በል።»

«ልጅህ አይደለሁም!»

አጎቴ ክንዴን ይዞ፣ «ሱቕ በል፣ ዝም በል፣ በአባትህ ፊት ነህ፤ እንግዳ ነው» አለኝ። እጁን አስለቀቅሁ። ሁሉንም በትግርኛ ተናገርኩት። ቅዳሜ ማታ፣ ቆዳው፣ መስኮቱ፣ እኩለ ቀን ይደርሳል ማለቱ። አሁን ደግሞ ሰውየው ምን ሊወስድ እንደመጣ። ሴቶቹ ከወዲያ በኩል ማልቀሳቸውን አቆሙ።

ሰውየው ምን እንዳልኩ ባይሰማም የሰዉን ዓይን አየ። «እንዴ፣ ሌንሱ በገመድ ታስሮ ነበር እኮ!» አለ። «ብዙ ቦታ እንዲህ ይሠራል። እሱስ ከፈራ ለምን አልተናገረም? አፍ የለውም?»

አብደላ እስከዚያ ድረስ ድንኳኑ በር አጠገብ መሬት መሬት እያየ ተቀምጦ ነበር። አምስት ልጆች አሉት። ሥራው ደግሞ በዚያ ሰው እጅ ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ተናግሯል ጌታዬ» አለ በአማርኛ። «ያስተረጎምኩልዎ እኔ ነኝ። እስከ ቀትር ይታገሡኝ አለ። እርስዎ በገመድ እሰረው አሉ። ገመዱ ሲላላ ሁለተኛ ጊዜ ተናገረ። ይህንንም አስተረጎምኩ። ‹የጎዳይፍ ሰው መሬት ካልረገጠ ይፈራል እንዴ?› ብለው ሳቁበት።»

ይህን ለሕዝቡ መተርጎም የእኔ ድርሻ ሆነ። ተረጎምኩት። እያንዳንዱን ቃል። ስለ ፍርሃት የተባለውንም።

ሰውየው ተነሥቶ ኮፍያውን አነሣ። የሚወጣ መሰለኝ። ሊመቱት የተነሡ ጎረምሶችም ነበሩ። አባቴ ግን እጁን ዘርግቶ ሁሉንም አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ ብረቱን አምጣው» አለ።

«ኣቦ!»

«አምጣው አልኩህ።»

ሄጄ አመጣሁት። ቆዳው ደርቆ ነበር። ደኅና አድርጎ ደርቆ ነበር። በእጄ ከብዶ ሲሰማኝ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ የሰውየውን ግንባር ነው ያየሁት።

«አሁን እንዴት እንደሚገጠም አሳየው» አለ አባቴ። «አንተ ታውቃለህ። ቅዳሜ ማታ ስታዩት ነበር። በመሓሪ ቦታ ሌላ ልጅ ይወስዳሉ። እሱም እናት አለችው።»

ስለዚህ በወንድሜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ የገደለውን ሰው፣ ሌንሱ እንዴት እንደሚደገፍ አስተማርኩት። ሁለቱ ቀዳዳዎች በዘንጎቹ ይገባሉ። መጀመሪያ የታቹን ብሎን። ከዚያ ሌንሱ ቀጥ ማለቱን በግንብ ጠርዝ ወይም በስልክ እንጨት አይተህ፣ የላዩን። ቆዳው እስኪጨመቅ አታጥብቀው፤ ቀለበቱ በጣት መዞር አለበት። አንዱን ነገር አዛብቼ ልነግረው እችል ነበር። አሰብኩትም። የሌንሱ መስተዋት መሰበር ዓይኔ ላይ መጣ። ግን አባቴ አጠገቤ ቆሞ፣ አማርኛ ሳይሰማ፣ አፌን አፌን ያየኝ ነበር። በትክክል ነገርኩት።

ሰውየው ብረቱን ከወሰደ በኋላ፣ «የቐንየለይ» አለ። ምስጋና በትግርኛ። ከየት እንደተማረው አላውቅም። አባቴም ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በለው፦ ለቅሶ መጥቷል ብዬ ነበር ከጎኔ ያስቀመጥኩት።»

ነገርኩት። ሰውየው ወጣ። አብደላ አብሮት አልሄደም፤ የማኪናውን ቁልፍ በሌላ ሰው ላከለትና ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

አብደላ ሥራውን አጣ። አሁን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አለቃው ምንም አልሆነም። ለማን አቤት እንደምንል ጠይቀን ነበር፤ የጠየቅናቸው ሰዎች በሩን ዘግተው በለሆሳስ «ተዉት» አሉን። ተውነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቄሱ ይቅር በል ይለኛል። ይቅር አላልኩም። ሰዎች አባትህ ትልቅ ሥራ ሠራ ይሉኛል። እኔ ትልቅነቱ እስካሁን አልገባኝም። አባቴን እወደዋለሁ፤ በእሱም ግን ተናድጃለሁ፤ ይህን እሱም ያውቃል።

በመሓሪ ቦታ የገባው የገጀረት ሠፈር ልጅ ነው። በዚያው ሳምንት ያንኑ መንገድ ወርደው አነሡት፤ ጠመዝማዛውን ሁሉ። ሌንሱ አልተነቃነቀም። ሰው አልወደቀም። ይህን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው፤ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ብረቱ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ እያደነቀ። አላጽናናኝም። ያን ያህል ቀላል ነበር ማለት ነው። አንድ ጧት መታገሥ ብቻ።

ልጁን ከተማ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ አገኘዋለሁ። ሲያየኝ ከሩቅ እጁን ያነሣል። እኔም ሰላም እለዋለሁ። በሕይወት በመኖሩ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጎዳይፍ እስክደርስ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ነው የምሄደው።