ሜቲ ሁለቴ መሰከረች

ልጄ ሜቲ ውሸት አይሆንላትም። እናቷ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው፤ አየር ጤና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋላቸውን ወላጆች ጠይቁ። «ለቅዳሜ አይደርስም» ካለች አይደርስም። ታዲያ ይቺው ልጅ በገዛ ልቧ ጉዳይ ሸወደችኝ!

በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም የጎዳው የልቧ ቫልቭ በብረት ተቀየረላት። ትንሽ እንዳገገመች ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥታ «ጌታ ፈጽሞ ፈወሰኝ» ብላ መሰከረች። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ሽማግሌያችን ጋሽ መዝገቡ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ብዙም ሳይቆይ 18 ማዞሪያ ከታክሲ ስትወርድ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሰው ደግፎ ቤት አመጣልኝ። ለካ የመጀመሪያዋ አልነበረም!

«እማዬ፣ በሞቴ ለማንም እንዳትነግሪ። መስክሬያለሁ እኮ። አሁን ታመምኩ ብል ጌታን አሰድባለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» አልኩና እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ዶክተሯ ቫልቩ ደህና መሆኑን ነገረችን። የተጎዳው፣ ልብን «ምታ» የሚለው መልእክት ከላይ ወደ ታች የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ከቫልቩ አጠገብ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ነክቶታል። መልእክቱ ሲቋረጥ ልቧ ይዘገያል፣ ትወድቃለች፤ አንድ ቀን ወድቃ ላትነሳ ትችላለች። መፍትሔው ምቱን የሚጠብቅ ትንሽ ባለባትሪ መሣሪያ ከአንገት አጥንቷ ሥር ማስገባት ነው።

ሜቲ አንገቷን ደፋች። «በባትሪ የምኖር ከሆነማ ምስክርነቴ ውሸት ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ቫልቭሽስ ብረት አይደል እንዴ! በብረቱ ያመሰገንሽውን ጌታ በባትሪው ልታፍሪበት ነው?»

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት። ሜቲም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «እሺ» አለች።

መሣሪያው ገብቶላት ቁስሉ ሲሽር፣ እሁድ ጠዋት ማይክ ያዘች። ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።

«ድኛለሁ ብዬ መስክሬ ነበር። ከዚያ ወደቅኩ፤ አፍሬ ደበቅኳችሁ። አሁን ባትሪ ገብቶልኛል፣ ጌታንም አመሰግናለሁ። ከእናንተ መካከል ሕመሙን የደበቀ ካለ፣ ነገ አብሬው ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

እልል የሚል ጠፋ። እኔ ጉዲቱ የሰው ዓይን ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ከፊት ወንበር ጋሽ መዝገቡ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔም ወድቄያለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?»

እልልታውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። የወለድኳትስ እኔ አይደለሁ!