የቢምቢ ሞግዚት

ሰፈሩ ያወጣላት ስም «የቢምቢ ሞግዚት» ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስሙን ስትሰማ ፊቷ ይቀላ ነበር ይባላል። አሁን መንገድ ላይ እንዲያ ብሎ የጠራት ሰው ካለ «አቤት» ብላ ዞር ትላለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ቤቱ የሚያድረው። «ሰው ከብት ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፤ የኔዋ ቢምቢ ታረባለች» እያለ ጓደኞቹን ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ደግ አይደለም።

ባሏ ቢቀልድም እውነቱን ነው። በየጠዋቱ ነጭ ጋውን ለብሳ በትንኝ ማርቢያው ሁለት በር ታልፋለች፤ የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። ውስጡ ክረምት ከበጋ ይሞቃል፤ የረጋ ውሃ ይሸታል። ግድግዳውን ይዘው በተደረደሩት ትሪዎች ውስጥ የወባ ትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። እሷ ክንፍ ለማውጣት አንድ ቀን የቀራቸውን በጎማ መምጠጫ እያነሳች በማይክሮስኮፕ ትለያቸዋለች። ወንዱ ቀጠን ያለ ነው፣ ሴቷ ወፈር ትላለች። ወንዱ ደም ስለማይጠጣ በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ ተሰጥቶት ያድጋል። ሴቷ ግን ትናከሳለች፤ ለዘር ከምትፈለገው በቀር ወደ ማቀዝቀዣ ገብታ ደርቃ ትቀራለች።

ወንዶቹ ደግሞ ተራ ወንዶች አይደሉም፤ ዘረመላቸው ተቀይሯል። ሜዳ ላይ ካለችው ትንኝ ጋር ሲዳቀሉ የሚወልዷቸው ሴቶች ክንፍ ሳያወጡ ይሞታሉ። እንዲያ እንዲያ እያለ ተናካሿ ትመናመናለች፤ እሷ ከተመናመነች ወባውም ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ያስረዳቻት ኃላፊዋ ናት፤ ገና ወጣት ዶክተር። ዶክተሯ እንደምትለው ከሠራተኞቹ ሁሉ እንደ ሞግዚቷ ወንዱን ከሴቷ የሚለይ የለም። ሌሎቹ ሲሰለቻቸው ይሳሳታሉ፣ ሲቸኩሉ ሴቷን ከወንዱ ይቀላቅላሉ። ሞግዚቷ አትቸኩልም፣ አይሰለቻትም። እንዲያውም ምንም አይሰማትም።

እንዲህ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአራት ዓመት ልጇን ወባ ያዘው፤ ጤና ጣቢያ ወስዳው ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት፣ ለሦስት ቀን የሚዋጥ ክኒን ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን ማታ ትኩሳቱ ለቀቀውና ተነስቶ ይሯሯጥ ጀመር። በዚያ ሰፈር ደግሞ ክኒን ተጨርሶ አያውቅም። በሽተኛው ቀና ካለ የተረፈው ለክፉ ቀን ይቀመጣል፤ ለዚሁ የምትሆን አንዲት ቆርቆሮ የሌለችው ቤት የለም። እሷም የሦስተኛውን ቀን አራት ፍሬ በቆርቆሮዋ ከተተች። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ሮጣ ቆርቆሮዋን ብትከፍት ባዶ ናት። ቤት ሳጸዳ ደፍቼዋለሁ ብላ ደመደመች። ልጁን አዝላ የግማሽ ቀኑን መንገድ ስትጓዝ ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ ጀርባዋ ላይ አለፈ። አላለቀሰችም። ሆድ ይፍጀው አለች፤ ሆዷም ፈጀው።

ያን ጊዜ አማቷ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ከቀብሩ ማግስት ጨርቃቸውን ጠቅልለው ኩሬው ዳር ወዳለችው አሮጌ ቤታቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ምራታቸውን ቀና ብለው አይተዋት አያውቁም። አሮጊቷ ልጁን ያስገደለች እሷ ናት ብለው ነው ተባለ። እሷም እውነታቸውን ነው አለች።

ወንዶቹ ትንኞች የሚለቀቁት እዚያው ኩሬ ዳር ነው። ደንቡ በዙሪያው ካሉት አርባ ሁለት ቤቶች አንዱ እንኳ እምቢ ካለ አይለቀቅም ይላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ሰዉ በቢምቢ ላይ ሌላ ቢምቢ ሲባል ደነገጠ፤ ስንት ስብሰባ ተደርጎ አርባ አንዱ ቤት ፈረመ። የቀሩት አማቷ ናቸው። ዶክተሯ ሦስት ጊዜ ሄዳ አስረዳቻቸው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በሦስተኛው ግን አሮጊቷ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ምራቴ ራሷ ትምጣ አሉ። እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ዝናቡ ይገባል፤ የደረሱት ትንኞች ወደ ማቀዝቀዣ ይሄዳሉ፣ ሥራውም ለከርሞ ያድራል። ለከርሞ ማለት ስንት ልጅ እንደሆነ ዶክተሯ በወረቀት አስልታ አሳየቻት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሞግዚቷ ቅጹንና የጣት ቀለሙን ይዛ ሄደች።

ቤቲቱ አንድ ክፍል ናት። አጎበሩ ከአልጋው በላይ ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል። አሮጊቷ የፕላስቲክ ወንበር አመለከቷትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እሷም ስለ ወንዱ፣ ስለ ሴቷ፣ ስለ ዘረመሉ ለሌላው እንደምትናገረው ድምጿን ሳትለዋውጥ ተናገረች። እስክትጨርስ ሰሟት።

«ያኔ ይሄ ነገር ቢኖር ልጁ ይተርፍ ነበር?» አሉ።

አዎ ብትል ወረቀቱ ይፈረም ነበር።

«እሱን አላውቅም እማማ። ክኒኑን ብጨርስለት ኖሮ ግን ይተርፍ ነበር። ማስቀመጤ ሳያንስ ደፋሁት።»

«አልደፋሽውም» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ነኝ የዋጥኩት። እኔንም አተኮሰኝ። ልጁ ድኗል፣ ይሮጣል አልኩ። ሲመለስበት ልነግርሽ ነበር፤ ቆርቆሮዋን ከፍተሽ ስታያት አፌ ታሰረ።»

ሞግዚቷ ቁጣዋን ፈለገችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በራሷ ላይ ስትጨርሰው ስለኖረች ለሌላ ሰው የሚሆን አልተረፋትም። ልታለቅስም ሞከረች፤ እሱም አልመጣም። የቀለሙን ክዳን ስትከፍት አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን ዘረጉላት፤ ይዛ ነከረችው። በሁለት እጇ ደግፋ ቅጹ ላይ አሳረፈችው። አርባ ሁለተኛው ቤት ፈረመ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን እፍ እፍ አለችው።

«ስንቱን ዋጡ?» አለች። ሥራዋ መቁጠር ነው።

«አራቱንም። ሁለቱን ማታ፣ ሁለቱን ጠዋት።»

«ዳኑ?»

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት።

«ዳንኩ» አሉ።